ከበሩ ውጭ የነበረው ደረጃ

ፒያሳ ካለው ቢጫ ፎቅ ጀርባ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ የትም የማያደርስ በር ነበር። ከበሩ ውጭ ባዶ አየር፣ ከአየሩ ሥር ድንጋይ የተነጠፈበት ግቢ። ሰው እንዳይወድቅ ብዬ በአራት ትልልቅ ምስማር ያስመታሁት እኔ ነኝ። ከደፉ ሥር፣ አዲሱ ቀለም ላይ፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ ሁለት ቡናማ እድፎች ይወጡ ነበር። ክረምቱ ግድግዳው ውስጥ የተወው እርጥበት ነው ብዬ አስቀባኋቸው። ተመልሰው መጡ። እንደገና አስቀባኋቸው፣ እንደገና መጡ። ከበሩ ጀርባ ደግሞ አባቴ ነበሩ።

ሥራዬ ቅርስ መመዝገብ ነው። ጎንደር ውስጥ ቅርስ ሲባል የሰው ዓይን የሚሄደው ወደ ግንቡ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን ማንም ያልፈለገው ድርሻ ነበር፤ ጣሊያን ሠርቶ ጥሏቸው የሄደው ፎቆች። ማዕዘናቸው ክብ፣ መስኮታቸው ረድፍ የያዘ፣ ጌጥ የማያበዙ ቤቶች ናቸው። «ግንቡን ትታ የጠላት ቤት ትቆጥራለች» እያሉ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። እኔ እወዳቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ክቡ ማዕዘን ላይ ስትዞር ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል። ያደግሁትም እዚያው ቢጫ ፎቅ ውስጥ፣ አባቴ በቀበሌ ቤትነት ባገኟቸው ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው።

አባቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ከዛሪማ ወዲህ ካለው ደጋ ለትምህርት መጥተው፣ ተምረው፣ አስተምረው፣ እዚሁ ደብር ውስጥ አርጅተዋል። ቤቱን ለውበቱ አልነበረም የወደዱት። ለደብሩ ቅርብ ስለሆነና ከኋላ በኩል የእንጨት ደረጃ ስላለው ነበር።

ፎቁ ሁለት መውረጃ ነበረው። አንዱ በፊት በኩል፣ ውስጥ ለውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚጠመዘዝ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። የምሥራቅም የምዕራብም ባለሙያ ቢያየው አፉን ይከፍታል፤ እግር የሚያርፍበት ግን ስንዝር አይሞላም። ሁለተኛው በጀርባ በኩል፣ ከዚያ በር ተነሥቶ ግድግዳውን ተጠግቶ ግቢ የሚወርድ የእንጨት ደረጃ ነበር። ሃያ ሁለት እርከን አለው፤ እያንዳንዱ ሰፊና ዝቅ ያለ። ባሕር ዛፍ አለበት፣ የሣጥን ጣውላ አለበት፣ ዘጠነኛዋ እርከን ደግሞ ልጆች ስማቸውን የፈለፈሉባት የተማሪ ዴስክ ነበረች። ከላዩ ቆርቆሮ ለብሷል። እንዲያው በእውነት ለመናገር አስቀያሚ ነበር።

አባቴ ጎሕ ሳይቀድ በዚያ ደረጃ ይወርዳሉ። መቋሚያቸው እያንዳንዱን እርከን ይነካል። ዘጠነኛዋ ስለምትወዛወዝ እሷን ሁለት ጊዜ መትተው፣ መጽናቷን አይተው ነው የሚረግጡ። ከሥራቸው ያለችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ናት፤ «እኔ ሰዓት ገዝቼ አላውቅም፣ የኔታ ሲወርዱ እነቃለሁ» ትል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ፎቁን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ የሚል ሥራ መጣ፤ ባለሙያዋ እኔ። በኋላ የተጨመረውን ሁሉ ዘርዝሬ እንዲነሣ ማድረግ ነበረብኝ። የሱቅ ማስታወቂያውን፣ የዲሽ ሳህኑን፣ የላስቲክ ጥላውን ጻፍሁ። የእንጨት ደረጃው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ከዚያ በፊት ሌላ ሕንፃ ላይ የአንዲት ሴትዮ የቆርቆሮ በረንዳ አስፈርሻለሁ። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። «የአባትሽ ደጅ ሲደርስ እናያለን» ብቻ አለችኝ። ያች ቃል ከእኔ ጋር ዋለች፣ ከእኔ ጋር አደረች። የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ደረጃውን ምናልባት ለጊዜው ይቆይ ብዬ አልፈው ነበር፤ የአባቴ ስለሆነ አላለፍሁትም። ሰው ምን ይለኛል አልሁ። እኔን የገዛኝ ሕጉ አልነበረም፤ ይሉኝታ ነው።

ደረጃውን ይጠግኑ የነበሩት ከእንፍራንዝ የመጡ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ግቢው ውስጥ ቁመው ሲያገኙኝ ለወጉ ያህል ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ይኼ ደረጃ መቼ ተሠራ?»

«እኔ ስመጣም ነበር። የበሰበሰውን እየነቀልሁ እተካለሁ እንጂ እኔ አልሠራሁትም።»

«የመጀመሪያው እንጨት የትኛው ነው?»

አናጢው ወደ ላይ አይተው ሳቁ። «የመጀመሪያው? አንድም የለ። ይች የአምና ናት፣ ያች የካቻምና። ያችኛይቱ ዴስክ ናት። እንጨት ዕድሜው ስንት ነው ልጄ?»

ማስታወሻዬ ላይ «ከመጀመሪያው ሥራ የተረፈ ነገር የለም፤ በኋላ የተጨመረ ነው» ብዬ ጻፍሁ። የመጀመሪያው አባባል እውነት ነበር። ሁለተኛውን ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት።

«ሊነሣ ነው» ስላቸው አናጢው ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው? የሚሠራ ደረጃ ነው እኮ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉና የመሮ ቦርሳቸውን አንስተው ሄዱ።

ደረጃው ይነሣ የሚለውን ደብዳቤ ለአባቴ ያነበብሁላቸው ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መጽሐፍ ሲያገላብጡ ነው። ለማንኛውም ተከራይ እንደማደርገው ቁሜ አነበብሁላቸው። ስጨርስ፦

«በሩስ?» አሉኝ።

«በሩ ይቀራል። በሩ የጥንቱ ነው፤ ጣውላውም ማጠፊያውም የጣሊያን ሥራ ነው።»

«በሩ የእነሱ ከሆነ በየት ይወርዱ ነበር?»

ስንት ሕንፃ የለካሁ ሰው እንደ ሕፃን ተያዝሁ። «ለነፋስ ይሆናል» አልሁ።

«ለነፋስ መስኮት አይበቃም?» ብለው ጥቂት ፈገግ አሉ። «የደብራችን ጣራ ሣር ነበር። ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ ሆነ፤ ቆርቆሮውም በእኔ ዕድሜ ሁለቴ ተቀይሯል። ታዲያ ደብሩ ያው ደብር አይደለም?»

«አባቴ፣ አንቱ የሚሉት ሌላ ነው። ለዚህ ፎቶ ወይም ፕላን ያስፈልጋል።»

«እንግዲህ ይኩን ፈቃድከ» አሉና ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ፈቃዱ የእግዚአብሔር አልነበረም፤ የእኔ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ።

መስከረም ሲጠባ ደረጃው ተነሣ። አናጢው አላፈርስም ስላሉ ሌሎች ሠራተኞች መጡ። ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። እኔ በፊት በኩል ቁሜ የቢጫውን ድብልቅ እያስተካከልሁ ነበር፤ ከጀርባ የብረት መቁረጫ ሲያፏጭ ሰምቻለሁ። የቆርቆሮው ብሎን ነው ብዬ ዘወር አላልሁም። ዴስኳን ልብስ ሰፊዋ ለመቀመጫ ወሰደቻት። የተረፈው ለማገዶ ሄደ።

ፎቁ አማረ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ በጣም አማረ። ሰዎች ቁመው ፎቶ ያነሡት ጀመር፤ እኔም ኮራሁ።

አባቴ በመጀመሪያው እሑድ በጠመዝማዛው ደረጃ ለመውረድ ሞከሩ። ሁለት ተማሪዎቻቸው ደግፈዋቸዋል። ግማሽ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸውና ጥግ የሌለው ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። ደረጃው ለሁለት ሰው ጎን ለጎን አይበቃም፤ የሚደግፋቸው ሰው ራሱ መደገፊያ የለውም። ተማሪዎቹ እንሸከምዎ ሲሏቸው፣ «ሰው በአራት ሰው ትከሻ የሚሄደው አንድ ጊዜ ነው። እሱም ቀኑ አልደረሰ» አሉና በቂጣቸው እየተንፏቀቁ፣ እርከን በእርከን፣ ወደ ላይ ተመለሱ። መሪጌታ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው እያዩ። ይህን ያየሁት ከታች ቁሜ ነው። ከዚያ በኋላ አልወረዱም።

እኔ ጋ ይምጡ አልኋቸው። የእኔ ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ስነግራቸው በእውነት ሳቁ። «ከአንድ ፎቅ አውርደሽ አራት ላይ ልትሰቅይኝ ነው?» አሉ። ደግሞ ከዚያ ደብሩ አይታይም። አናጢው ፒያሳ ላይ ሲያገኙኝ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አሉኝ፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። ደግ አደረጉ። ሌላው ሰው ሁሉ እያመሰገነኝ ነበር።

ደብዳቤውን መቀየር እችል ነበር። ለአረጋዊ አንድ ቀላል መውረጃ ይፈቀድ ብሎ መጻፍ የግማሽ ገጽ ሥራ ነው። ግን ለአባቷ ስትል ሻረችው ይሉኛል። ደግሞ ጎብኚ ሊመጣ ነበር፣ ከጎብኚው በኋላ አልሁ። ከበዓሉ በኋላ አልሁ። አባቴ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ኖሮ እቆጣና፣ ተቆጥቼም እጽፈው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ወደ ቀሐ፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ሲወርድ አባቴ የቀሩበት ዓመት እኔ አላውቅም። በዚያ ዓመት በመስኮት ነው የሸኙት። ታቦቱ ከፎቁ ሥር ሲያልፍ ተማሪዎቻቸው ቀና ብለው አዩአቸውና ወረቡን እዚያው ቁመው ጥቂት አዘገዩት። አባቴ መቋሚያቸውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው አንገታቸውን ደፉ። ሕዝቡ ሲያልፍ መንገዱ ባዶ ሆነ፣ እሳቸው ግን ከመስኮቱ አልተነሡም። እኔ ሻይ አምጥቼ አጠገባቸው አስቀመጥሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ከጥምቀት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ለወትሮው ወሬ የምትወድ ሴት ናት፤ ያን ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«የኔታ ጠዋት ጠዋት አሁንም ይወርዳሉ።»

«በየት ይወርዳሉ?»

«እኔ ምኑን አውቄ። መቋሚያቸውን ነው የምሰማ። አንድ፣ ሁለት እያለ ይወርዳል፤ ዘጠነኛዋ ላይ ሁለቴ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው። ወጥቼ ሳይ ግቢው ባዶ ነው። እኔስ ፈራሁ እህቴ።»

በሚቀጥለው እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሄድሁ። በጠመዝማዛው ወጥቼ የቤቱን በር በራሴ ቁልፍ ከፈትሁ። ከሩቅ የደብሩ ድምፅ ማጉያ ማኅሌቱን ያመጣዋል። አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ በምስማር በተመታው በር ፊት ቁመዋል። ፊታቸው ወደ በሩ ነው። መቋሚያቸውን አንስተው ወለሉን ይነካሉ፤ ቆም ይላሉ፤ እንደገና ይነካሉ። አይንቀሳቀሱም። ዘጠኝ ላይ ሁለት ጊዜ መቱ። ሃያ ሁለት ሲሞላ መቋሚያውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ከድምፅ ማጉያው ጋር አብረው ማዜም ጀመሩ። ደብሩ ውስጥ ደርሰው ነበር።

እኔ መኖሬን ያወቁ አይመስለኝም። ቀስ ብዬ በሩን መልሼ ዘጋሁና በጠመዝማዛው ደረጃ መካከል፣ እሳቸው ቁጭ ባሉባት ቦታ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሰኞ ደብዳቤውን እጽፋለሁ ብዬ ማልሁ። ሰኞ ስብሰባ ነበር።

አባቴ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ዐረፉ። ልብስ ሰፊዋ ነች የደወለችልኝ። «ዛሬ አልወረዱም» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሣጥኑ ባዶውን በጠመዝማዛው ደረጃ በግድ፣ ቁሞ ወጣ። ሲሞላ ግን መታጠፊያው ላይ ያዘ። አራት ሰው መግባት አይችልም፣ ሁለት ሰው አይችለውም። አንዱ «ትንሽ ቀጥ ብናደርገው ይወጣል» አለ። የአባቴ ትልቁ ተማሪ፣ አሁን እሱም መሪጌታ ነው፣ «የኔታ እንደ ጆንያ ቁመው አይወጡም» አለና ሣጥኑን መለሰው። ማንም ወደ እኔ አላየም። እያንዳንዳቸው ወደ እኔ ላለማየት ሲጠነቀቁ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው አናጢ መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። ማንንም ሳያስፈቅዱ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀሏቸው። በሩ ተከፈተ፤ ብርሃንና ብርድ አብሮ ገባ። ሣጥኑን በገመድ አሥረው፣ ስድስት ሰው ከላይ ይዞ፣ ቀስ እያሉ ወደ ግቢው አወረዱት። ጾም ነውና ከበሮ አይመታም። ተማሪዎቹ ከታች ሆነው መቋሚያቸውን የግቢው ድንጋይ ላይ እያሳረፉ ያዜሙ ነበር። አባቴ ያን በር አልፈው ወረዱ፤ ከታች አራት ሰው በትከሻው ተቀበላቸው። አንድ ጊዜ ያሉት ይኸው ነበር።

እኔ ከላይ፣ ደፉ አጠገብ ተንበርክኬ ቀረሁ። ገመዱ እየፈተገ ሲወርድ ከደፉ ሥር ያለውን አዲስ ቀለምና ልስኑን ልጦታል። እድፎቹ በነበሩበት ቦታ፣ በግራና በቀኝ፣ ከግድግዳው እኩል የተቆረጡ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ይታያሉ። ግድግዳው ሲገነባ አብረው የገቡ ናቸው፤ ድንጋዩ እነሱን ታቅፎ ነው የተካበው። ያ እንጨት ሁሉ ሲበሰብስና ሲተካ የኖረው እነዚህ ላይ ተሸክሞ ነው። ደረጃው ከቤቱ ጋር የተወለደ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ቀለም ስቀባበት የነበረው ዝገታቸው ነው።

አናጢው አጠገቤ ጎንበስ ብለው አዩ። «ብረቱንማ አይተሽዋል ብዬ ነው ዝም ያልሁ» አሉ። «የተማርሽ ነሽ። ምክንያት ቢኖራት ነው አልሁ እንጂ።»

የአባቴ ጥያቄ መልስ እጄ ሥር ነበር፤ ብርድ ብርድ ይላል። በየት ይወርዱ ነበር? በዚህ ነበር አባቴ። በዚሁ ነበር።

በሠልስቱ ማግስት ቢሮ ገብቼ ተሳስቻለሁ ብዬ ጻፍሁ። የብረቶቹን ፎቶ አያይዤ፣ በገዛ ስሜ፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጎን እንዲቀመጥ አደረግሁት። ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ያን ቀን አላሰብሁትም፤ ያልደረሰብኝ ነገር አልቀረምና። ፈቃዱ መጣ። ብረቶቹ ተቀጠሉ፤ አናጢው ክረምቱ ሳይገባ ደረጃውን ሠሩት። ሃያ ሁለት እርከን፣ ሰፊና ዝቅ ያለ። አሁን በአባቴ ክፍሎች የሚኖሩት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ በጠመዝማዛው እየሮጡ ነው የሚወርዱ።

«አያ፣ ለማን ብለው ነው እንዲህ ዝቅ ያደረጉት?» አልኋቸው።

«እጄ የለመደው ይኼን ነው» አሉ። ጣውላውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ሸጋ ነው። ዘጠነኛዋም አትወዛወዝም» አሉኝ።

አንድ ያልተናገርሁት ነገር አለ። አባቴ ካለፉ በኋላም ልብስ ሰፊዋ መቋሚያውን መስማቷን አላቆመችም ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ከላይ ከወለሉ፣ ዘጠነኛዋ ላይ ሁለቴ። አዲሶቹ ተከራዮች ምንም አልሰማንም ይላሉ። እኔም እንድሰማ ብዬ ብዙ ጠዋት እሷ ቤት ሄጃለሁ፤ ዴስኳ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ጣራው አቅንቼ ጠብቄያለሁ። እሷ «ይኸው፣ ይኸው» ትለኛለች። እኔ የምሰማው የመንገዱን ባጃጅ ብቻ ነው።

ደረጃው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ሥራ ልገባ ሳልፍ ከደጇ ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል፤ ስታለቅስ ቆይታለች።

«ዛሬ ከላይ አይደለም። ከውጭ ነው የሰማኋቸው። ከበሩ ተነሥተው እስከ ግቢው ወረዱ። ዘጠነኛዋ ላይ እንኳ ሁለቴ አልመቱም። ከዚያ በመንገዱ ወደ ደብሩ ሄዱ፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ጠፋ።» እጄን ያዘችኝ። «ከእንግዲህ የሚመለሱ አይመስለኝም።»

እኔ ማስረጃ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ፎቶ የታለ፣ ፕላን የታለ እያልሁ ነው የኖርሁ። እሷን ምንም አልጠየቅኋትም። ሄጄ የመጨረሻዋ እርከን ላይ ተቀመጥሁ። እንጨቱ ገና አዲስ ነው፣ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል። ሱቆቹ እስኪከፈቱ ድረስ እዚያው ቆየሁ። ያን ሁሉ ጠዋት ጠብቄ፣ በወረዱበት ቀን ብቻ አልነበርሁም።